‹‹ረዘም ያለ›› ስንል፦ ስለ አንድ ቃልና ስለ ፎገራ ሜዳ ልኬት

፩

አንዳንድ ቃል አለ፤ ቀኑን ሙሉ እየተናገርነው አንድም ጊዜ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳንጠይቀው የሚያልፈን። ‹‹ረዘም ያለ›› ከዚህ ወገን ነው። ረዘም ያለ ደብዳቤ፣ ረዘም ያለ ገመድ፣ ረዘም ያለ ስብሰባ እንላለን፤ ረዘም ላለ ጊዜ የታመመ ዘመድም አለን። ለመሆኑ ረዘም ያለ ማለት ምን ያህል ነው? በሜትር ስንት ይሆናል? በሰዓትስ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ነገረኛ ይባላል እንጂ መልስ አያገኝም።

እኛ ግን ነገረኛ መባሉን መርጠን ጥያቄውን አንሥተነዋል። ምክንያቱም በተማሪው መካከል ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። አማርኛ ለቅኔና ለሽሙጥ እንጂ ለልኬት አልተፈጠረም፤ ገበሬው ‹‹ረዘም ያለ››፣ ‹‹እዚያ ማዶ››፣ ‹‹ትንሽ ነው የሚቀረው›› እያለ ስለሚኖር ከሳይንስ ጋር አልተዋወቀም፤ ቋንቋው ራሱ ወደ ኋላ ይጎትተናል፤ የሚል ነው። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ‹‹ሰምና ወርቅ›› ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ የአማራው ባሕል ለአሻሚ ንግግር ያለው ፍቅር፣ ዘመናዊ ኑሮ ከሚሻው ቁርጥ ያለ አነጋገር ጋር እንደሚጋጭ ጽፎ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ፣ ይኸው ሌቪን አሻሚነትን መሸሽ ራሱ የዘመናዊው ዓለም አስተሳሰብ ጉድለት መሆኑን ተከራከረ። እንግዲህ ሊቁ ሲመለስበት የኛ ሰው አሁንም የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብቻ ይዞ ይከራከራል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንለው አንድ ነገር ነው። ‹‹ረዘም ያለ›› ልክ የሌለው ቃል አይደለም፤ ልኩ በሚነጻጸረው ነገርና በሚያነጻጽሩት ሰዎች ዘንድ ያለ ቃል ነው። በመሆኑም የታሪክ ጥያቄው ‹‹ቃሉ ትክክል ነወይ?›› ሳይሆን ‹‹ማን ከምን ጋር አነጻጸረ? ማንስ ዳር ቆሞ ተመለከተ?›› መሆን አለበት። ለዚህ ማስረጃ ከጣና በስተምሥራቅ ካለው ከፎገራ ሜዳና ከከተማው ከወረታ የሚበልጥ ቦታ አላገኘንም። እዚያ መሬት በበሬ ጉልበት፣ በገመድ፣ በሄክታር፣ ኋላም ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ተለክቷል። ከላይ ደግሞ ሐይቁና ወንዞቹ በየዓመቱ ልኩን ያፈርሱታል።

፪

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። አማርኛ ግሥን ከ‹‹አለ›› ጋር እያጋባ ሁለት ዓይነት ልጅ ይወልዳል። ‹‹በሩ ክፍት አለ›› ስንል በድንገትና ሙሉ በሙሉ ነው፤ ‹‹በሩ ከፈት አለ›› ስንል ግን ጥቂት ነው። ‹‹ስብር አለ›› እና ‹‹ሰበር አለ››፣ ‹‹ድክም አለው›› እና ‹‹ደከም አለው›› እንደዚሁ ናቸው። የፊተኛው ያጠብቃል፣ ያከርራል፤ የኋለኛው ያላላል፣ ያለዝባል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ትልቅ የአማርኛ ሰዋስው ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ‹‹ረዘም›› ከለዘብተኛው ወገን ነው። ወንድሞቹም ብዙ ናቸው፤ አጠር፣ ወፈር፣ ቀጠን፣ ጠቆር፣ ሰፋ፣ ጠበብ፣ ከበድ፣ ቀለል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ልብ እንበል። ከላይ ‹‹ቁርጥ ያለ አነጋገር›› ያልነው ራሱ ከዚሁ ከ‹‹አለ›› ቤት የወጣ ነው። ቁርጥ ያለ መልስ የሚያወጣውና ረዘም ያለ መልስ የሚያወጣው የሰዋስው እጅ አንድ ነው። ስለዚህ ቋንቋው ቁርጥ ማድረግ አቅቶት አይደለም፤ ሁለቱንም ያውቃል፤ እንደ ቦታው ይመርጣል።

ታዲያ ለዘብተኛውን መቼ ይመርጣል? በኛ አስተያየት ሦስት ሥራ አለው። አንደኛው መቀነስ ነው፤ ረዥም ያልሆነ፣ አጭርም ያልሆነ። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ሰውየውን ‹‹አጭር›› ማለት ሲከብደን ‹‹አጠር ያለ›› እንላለን፤ ስብሰባው አድክሞን እያለ ‹‹ረዘም ብሎብን ነበር›› እንላለን። ሦስተኛውና ዋናው ማነጻጸር ነው። ወረታ ገበያ አጣና ወደሚሸጡ ሰው ዘንድ ሄደን ‹‹አያ፣ ረዘም ያለ የለዎትም ወይ?›› ብንላቸው ሜትር አያወጡም፤ ፊታችን የተጋደመውን አጣና አይተው ከሱ የሚበልጠውን ይጎትቱልናል። ማለትም ‹‹ረዘም ያለ›› ውስጥ ያልተነገረ ‹‹ከ›› ተደብቋል። ከዚህኛው፣ ከትናንቱ፣ ካሰብነው፣ ከሚገባው። ያ ‹‹ከ›› ለሁለታችንም ከታየ ቃሉ እንደ ሜትር ቁርጥ ያለ ነው። ካልታየ ግን ባዶ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህም በላይ አማርኛ ርዝመትን ሲናገር ፍርድም ይሰጣል። ‹‹ዘለግ ያለ ሰው›› ስንል ቁመናውን አክብረን ነው። መለሎ፣ ሎጋ፣ ዘንካታ ምስጋና ናቸው፤ ‹‹ቀውላላ›› ግን ስድብ ነው። ንግግርም ዘለግ ሲል ይወደዳል፣ ሲንዛዛ ይጠላል። አምስቱም ስለ አንድ ዓይነት ርዝመት ሊነገሩ ይችላሉ፤ የሚለየው ተናጋሪው ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ እንግሊዝኛም አንድ ጊዜ እንመልከት። እነሱም ‹‹ሎንግ›› በሚለው ላይ ‹‹ኢሽ›› ቀጥለው ‹‹ሎንጊሽ›› ይላሉ፤ የኛው ረዘም ያለ ነው። ይቺ ‹‹ኢሽ›› ጥንት የሕዝብ ስም ማውጫ ነበረች፤ ‹‹ኢንግሊሽ››፣ ‹‹ስኮቲሽ›› ከሚለው መጨረሻ ያለችው ናት። ‹‹የእገሌ ወገን›› ማለቷ ቀርቶ ቀስ በቀስ ወደ ቀለም፣ ከቀለም ወደ ሌላው ቅጽል ተሻግራ ‹‹ወደዚያ የሚጠጋ›› ማለት ሆነች። ‹‹ሌንግዚ›› የሚል ሌላ ቃልም አላቸው፤ ይኸኛው ርዝመቱን ከመሰልቸት ጋር ያያይዛል። ቃሉ አሜሪካ ውስጥ ሲበዛ የእንግሊዝ ሐያሲዎች እንደ አሜሪካ ብልግና ቆጥረው ተሳልቀውበት ነበር፤ ዛሬ ግን ራሳቸው ይጽፉታል። እንግዲህ የኒውተን ቋንቋም ‹‹ረዘም ያለ›› ማለትን አልተወም። ቋንቋ ለዘብ ማለቱ ሳይንስን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ለንደንም ባልተሳካላት ነበር።

፫

አሁን ወደ ሜዳው እንውረድ። ሰው መጀመሪያ የያዘው ሜትር ራሱ ነው፤ ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ፣ እርምጃ። ሸማኔው ሸማ የሚሰፍረው በክንድ ነበር። ክንድ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ሸማ የሚገዛ ሰው ክንደ ረዥም ዘመዱን ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር ይባላል። ብልጠት ነው፤ ቢሆንም በአደባባይ የሚታይ ብልጠት ነው። ሻጩም ክንዱን አይቶ ዋጋውን ያስተካክላል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች ታሪክ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የአገራችን መስፈሪያዎች ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያዩ ነበር።

የመሬቱ መለኪያ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይሰላል። በጥንቱ አነጋገር ግን ጥማድ ስፋት ብቻ አልነበረም፤ ድካምም ነበር። የፎገራ ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ሲረጥብ እግርና ማረሻ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። በዋልካ ላይ በሬ በቀን የሚሸፍነው፣ ወደ ፋርጣ በኩል ከፍ ሲባል ባለው ቀላል አፈር ላይ ከሚሸፍነው ያንሳል። በሄክታር ሲታይ ሁለቱ ጥማዶች እኩል አይደሉም። በገበሬው ወገብ ሲታይ ግን እኩል ናቸው። የትኛው ነው ትክክል? ገበሬው ዘንድ የሚነጻጸረው ድካም ከድካም ጋር ነበር፤ የነጋዴውና የግብር ሰብሳቢው ጥያቄ ሌላ ነው።

ሞፈርም እንዲሁ ነው። ሞፈር የሚቆርጥ ሰው የበሬዎቹን ቁመት ያውቃል፤ ‹‹ረዘም አድርገህ ቁረጠው›› ቢባል ከየትኛው ሞፈር ይልቅ እንደ ሆነ ይገባዋል። የአማርኛ የመሬት ቋንቋ ‹‹ሞፈር ዘመት›› የሚል ቃልም አለው፤ ሞፈሩን ተሸክሞ ከሚኖርበት ቀበሌ ርቆ የሚያርስ ሰው መሬት ማለት ነው። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በትከሻ ተነገረ።

እዚህ ድረስ ያለውን ብቻ አንብቦ ‹‹አይ የድሮ ሰው! እንዴት ደግ ዘመን ነበር!›› የሚል ካለ እኛ አላልንም። በሚተዋወቁ እኩዮች መካከል ዓይንና ክንድ ይበቃል። እኩል ባልሆኑ ሰዎች መካከል ግን አይበቃም። የጌታው ቁና ከድኻው ቁና ረዘም ካለ፣ ሰፋም ካለ፣ ማን ይናገራል? ‹‹በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም›› የሚለው ተረት የፍርድ ተስፋ ነው፤ የተስፋው መኖር ራሱ ግን በየቀኑ የሚሆነው ሌላ እንደ ነበር ይመሰክራል።

፬

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም የታሪክ ተቃርኖ አለ። እ.ኤ.አ. በ1789 የፈረንሳይ ገበሬዎች ለንጉሣቸው ባቀረቡት የአቤቱታ መዝገብ ደጋግመው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ መለኪያ አንድ ይሁንልን የሚል ነበር። ባላባቱ በእጁ ያለውን የእህል መስፈሪያ እያሰፋ ይበዘብዛቸው ስለ ነበር ነው። ሜትር የተወለደው ከዚያ አብዮት ነው። ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1792 ጀምሮ ከዳንኬርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር ለክተው፣ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ዐሥር ሚሊዮንኛ እጅ አንድ ሜትር ይሁን ተባለ። የማንም ንጉሥ ክንድ ያልሆነ፣ የሁሉም ሰው የሆነ ልክ። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1963 የሜትር ሥርዓትን በሕግ ተቀበለች።

የኛ አገር ገበሬ ግን፣ በተለይ በጎጃምና በበጌምድር፣ ለካን የሚለውን ሰው ሲያይ ይሸሽ፣ ሲብስም መሣሪያ ያነሣ ነበር። ለምን? መሃይም ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ አናምንም። ገበሬው ገመዱ ከወዴት እንደ መጣ ሰምቷል።

ያ ገመድ ቃላድ ይባላል። ከ60 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ገመድ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሸዋና በደቡብ መሬት በቃላድ እየተለካ በጋሻ ተቆጠረ፤ አንድ ጋሻም በአማካይ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ለነባሩ ባላባት ሲሶው ሲቀርለት የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ። ብዙ ገበሬ ገመዱ ካለፈ በኋላ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ነቃ። ገመዱ በራሱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ልኩም ይብዛም ይነስ ልክ ነበር። ነገር ግን ገመዱን በሁለቱም ጫፍ የያዙት አንድ ወገን ናቸው።

በሰሜኑ የርስት አገር ነገሩ ሌላ ነበር። ርስት በትውልድ ሐረግ ይቆጠራል፤ ድንበሩ በወንዝ፣ በዛፍ፣ በድንጋይና በሽማግሌ ቃል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጋሻን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ ሲተምን፣ ጎጃም፣ ትግሬና በጌምድር በቀድሞው ግብራቸው እንዲቀጥሉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ግን የጎጃም ገበሬ ይህ የመለካት መጀመሪያ ነው፣ የርስት መጨረሻ ነው ብሎ በ1960 ዓ.ም. አመፀ። አመፁ ከዐባይ ማዶ፣ ለፎገራ ጎረቤት በሆነ አገር የተነሣ ነው፤ በመጨረሻም መንግሥት ወደ ኋላ እንዲል አድርጓል።

እንግዲህ የፈረንሳዩ ገበሬ ሜትር ስጡን አለ፤ የጎጃሙ ገበሬ ሜትራችሁን ውሰዱ አለ። የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አይቃረኑም። ሁለቱም የተቃወሙት አንድ ነገር ነው፤ ለብቻው የሚለካን ሰው። አንዱ ከባላባቱ ቁና ለማምለጥ ወደ ቁጥር ሸሸ፤ ሌላው ከመንግሥት ገመድ ለማምለጥ ወደ ‹‹ረዘም ያለ›› ሸሸ። ‹‹መሬትህ ምን ያህል ነው?›› ቢባል ‹‹እዚያ ረዘም ብሎ የሚታየው ነው›› ብሎ መመለስ አላዋቂነት ሳይሆን መከላከያ ነበር።

መከላከያው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ዘመዱ የበዛ፣ ንግግር የሚችል፣ ከዳኛ ጋር የሚጠጣ ሰው ‹‹ረዘም ያለውን›› ወደ ራሱ ያስረዝመዋል። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ርስት የማይቆጠርለት የእጅ ጥበብ ባለሙያ፣ ከሌላ አገር የመጣ ጭሰኛ ግን በዚያው ቃል ያጣሉ። በቃል የቆመ ድንበር ቃል ላለው ነው የሚያደላው።

፭

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ርስትም ጭሰኝነትም በአንድ አዋጅ ቀሩ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ይሁንና በየቀበሌው 10 ሄክታርን የሚለካ መሣሪያ የት ነበር? ገበሬ ማኅበሩ በጥማድ፣ በገመድና በእርምጃ ደለደለ። ኋላም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በልዩ ልዩ አካባቢዎች መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ‹‹ቢሮክራሲ›› እና ‹‹ቀሪ ፊውዳል›› የተባሉ ሰዎች ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ መደረጉ ብዙ እሮሮ አስነሣ። ጥማዱ የታወቀ ነበር፤ ‹‹ቢሮክራሲ›› የሚለው ስም ግን ገመድ የለውም። ማን ነው የለካው? ከማን ጋር አነጻጽሮ? ነጥባችን እዚህም ያው ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ያዘ። በመጀመሪያው ዙር ልኬቱ በአብዛኛው በገመድ ሲሆን ዋናው ማረጋገጫ የአዋሳኞች ምስክርነት ነበር፤ በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ ወንዝ፣ በምሥራቅ መንገድ እየተባለ። በሁለተኛው ዙር ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍና የሳተላይት መሣሪያ መጣ። ከሁሉም ይልቅ እኛን የነካን ግን ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መደረጉ ነው። በ‹‹ረዘም ያለ›› ዘመን ድንበሯን ወንድሟና አማቿ ይናገሩላት የነበረች ሴት አሁን በወረቀት ላይ ራሷ አዋሳኝ ሆናለች። ወረቀት ሁሉን ይፈታል አንልም። ግን ቁጥር ለደካማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እዚህ ይታያል።

ፎገራ ደግሞ ለወረቀትም አስቸጋሪ አገር ነው። ርብና ጉማራ ከተራራው ደለል ተሸክመው እየወረዱ ክረምት ሲሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። በጋ ሲገባ ጣና ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ የለቀቀውን እርጥብ መሬት የዳር ገበሬዎች ይዘሩበታል። ያ መሬት ስንት ነው? እንደ ዓመቱ ነው። ሐይቁ ረዘም አድርጎ የሸሸ እንደ ሆነ ይረዝማል፤ ካልሸሸ የለም። በየዓመቱ የሚንቀሳቀስ ድንበርን በሄክታር የጻፈ ሰው ስለ አንድ ቀን እውነት ጻፈ። እዚህ ላይ አነጻጻሪው ቃል ከቁጥሩ ይልቅ ለመሬቱ ታማኝ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ የምንለው ለዚህ ነው።

ሩዝም ይህንኑ ያስተምራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ሩዝ አስተዋወቁ። ውሃ የሚተኛበት፣ ለሌላ እህል አልመች ያለው ሜዳ ለሩዝ ተመቸ፤ ‹‹ኤክስ ጅግና›› የተባለው ዝርያ በአካባቢው ተስፋፋ፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ታዲያ በሩዝ ዓለም ‹‹ረዥም›› ምን ማለት ነው? በዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ምደባ የፍሬው ርዝመት እስከ 5.50 ሚሊ ሜትር አጭር፣ ከ5.51 እስከ 6.60 መካከለኛ፣ ከ6.61 እስከ 7.50 ረዥም፣ ከዚያ በላይ እጅግ ረዥም ይባላል። ሳይንስ ‹‹አጭር››ንና ‹‹ረዥም››ን አልጣላቸውም፤ ያልተነገረውን ‹‹ከ›› ጽፎ አስቀመጠ፤ ያም ለሁሉም ታየ። በ6.60 እና በ6.61 መካከል ያለውን የፀጉር ልዩነት የሚያይ ዓይን የለም። ግን ሻጭም ገዢም ተስማምተውበታል፤ የሚከራከር ሰው መለኪያ አምጥቶ መከራከር ይችላል።

፮

ርዝመት የቦታ ብቻ አይደለም፤ የጊዜም ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ወጥተን ደብረ ታቦርን አልፈን የሚዘልቀውን መንገድ እንውሰድ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስናዱ፣ ራሳቸውም ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የቻይና መሐንዲሶች ከወረታ ተነሥተው ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አቋርጠው እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ማውጣት ጀመሩ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ፈጸሙት። ያ ተራራ አላጠረም፤ በመኪና ግን በቀን የሚታለፍ ሆነ። ‹‹ረዘም ያለ መንገድ›› የሚለው ቃል አልተለወጠም፤ የሚነጻጸርበት ተለወጠ።

ለዚህ ነው አንድ አጠቃቀም ብቻ የሚያሳስበን። ከገጠር ተነሥቶ ጉዳይ ሊያስፈጽም ወደ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ‹‹ጉዳይዎ ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል›› የሚል ቃል ነው። ሰዋስውስ ያው ነው፤ ይሉኝታውም አለ። ግን ‹‹ከ››ዋ የት አለች? ከምን የረዘመ? ከትናንቱ? ከጎረቤቴ ጉዳይ? ከሕጉ? አጣና ሻጩ ‹‹ረዘም ያለ›› ሲሉ አጣናው ፊታችን ተጋድሟል፤ እዚህ ግን የሚታይ ነገር የለም። ባለ ጉዳዩ ቤቱ ሄዶ የሚጠብቀው ርዝመቱን የማያውቀውን ገመድ ነው፤ የገመዱም ሁለት ጫፍ በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው። የርስት ገበሬው ከሹም የሚሸሽበት ቃል፣ ሹም ከገበሬው የሚሸሽበት ቃል ሆኖ አረፈው።

እንግዲህ ‹‹አማርኛ ለልኬት አልተፈጠረም›› ለሚሉ ባልንጀሮቻችን መልሳችን ይህ ነው። ጥፋቱ ቃሉ ላይ አይደለም። በእኩዮች መካከል፣ ነገሩ ፊታችን እያለ፣ ‹‹ረዘም ያለ›› የጠራ ልክ ነው፤ የሚከበርም ነው። እኩል ባልሆኑ ሰዎች መካከል፣ ነገሩ ተሰውሮ ሳለ የተነገረ እንደ ሆነ ግን ‹‹ከምን?›› ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገረኛ ቢያስብልም። ቁጥርም ቢሆን ይኸው ጥያቄ አይቀርለትም፤ ቃላድም ቁጥር ነበረና።

አንድ ነገር ለአንባቢዎቻችን እናሳስብ። የርዝመት ቃላችን በመዝገበ ቃላት ተጽፎ ያለቀ አይደለም። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ፣ አባቶቻችን ሞፈር ሲቆርጡ፣ ሽማግሌዎች ድንበር ሲያስታርቁ ርዝመትን በምን ቃል እንደሚናገሩ፣ ከምንም ጋር እንደሚያነጻጽሩ ጠይቀን እንጻፍ። ፎገራ አንድ ወረዳ ናት። የደንቢያው፣ የጋይንቱ፣ የመንዙ፣ የወሎው ይቀራል። የተሰበሰበውን ወደ መጽሔታችን ላኩልን፤ አጠር ያለም ይሁን ረዘም ያለ እናወጣዋለን። ከምን የረዘመ እንዳትሉን፤ ከዚህ ጽሑፍ።